ቤንዚን የምትጠጣው ኮሮላ እና ከፍ የማይለው የሙቀት ጌጅ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በፈረንጆቹ 1995 የተሠራች፣ ባለ 1.6 ሞተር፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ ላይ 4ኤ-ኤፍኢ ተብሎ ተጽፏል። ከአያት ሜክሲኮ ለሥራ እመላለስባታለሁ። ዓምና በአንድ ሊትር 10 እና 11 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ የነበረች መኪና፣ አሁን 7 እንኳን በስንት መከራ ነው። መካኒኬ ካንዴላ ቀየረ፣ ኢንጄክተር አሳጠበ፣ የቤንዚን ፓምፕ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። የወጡት አራቱም ካንዴላዎች ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ነበር። አሁን ደግሞ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ» ይለኛል። ዘይት ግን አትጨርስም፤ ጭሷም ጠዋት ጠቆር ከማለቱ በቀር ሰማያዊ አይደለም። ሙቀት የሚባል ችግር የለባትም። ያለፈው ፋሲካ ወደ ጎጃም ስንሄድ ዓባይ በረሃ ላይ ፈልታብኝ ደጀን ላይ አሠራኋት፤ ከዚያ ወዲህ ጌጁ ሩብ እንኳን አይሞላም፣ በዚህስ ተመስገን ነው። ሞተሯን ላውርድ? ደግሞስ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በዲፎሌ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉት እውነት ነው?

ጠያቂ ከአያት

መልስ

ሞተሯን ለማውረድ አይቸኩሉ። ዋናው ጥርጣሬያችን እርስዎ «ተመስገን» ብለው ያለፉት ነገር ላይ ነው። ጌጁ ሩብ የማይሞላ መኪና ጤነኛ አይደለም፤ ሞተሯ ቀኑን ሙሉ በብርድ እየሠራ ነው። ደጀን ላይ ምን እንደተሠራላት ባይጽፉልንም፣ መንገድ ላይ የፈላች መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ «ስትድን» ብዙውን ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ ቴርሞስታቱ ወልቆ ይጣላል።

ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይዞር የሚዘጋ፣ ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚከፍት ትንሽ ቫልቭ ነው። እሱ ከሌለ ውኃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ይዞራል። የአዲስ አበባ ብርድ ላይ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ እንዲህ ያለው ሞተር ሜክሲኮ እስኪደርሱ እንኳን በወጉ ላይሞቅ ይችላል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ደግሞ ቤንዚን የሚመጥነው የውኃውን ሙቀት ከአንድ ሴንሰር እያነበበ ነው። ውኃው 50 ዲግሪ ነው ከተባለ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የድሮ መኪና ቾኳ (ለብርድ ማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛው መዝጊያ) ተስቦ እንደቀረ ቁጠሩት። አራቱ ካንዴላዎች እኩል የጠቆሩት፣ ጠዋት ጭሱ የሚጠቁረውም ለዚሁ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ የዚያን ሲሊንደር ኢንጄክተር ወይም የካንዴላ ገመድ እንጠረጥር ነበር። አራቱም ከጠቆሩ ግን ጥፋቱ ለሁሉም የጋራ የሆነ ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያውኑ ለምን ፈላች የሚለው መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ቴርሞስታት አስገብተው በቀጣዩ ፋሲካ ዓባይ በረሃ ላይ እንደገና ይቆማሉ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል። መኪና ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ በላይ ሞቆም የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። ያ ክዳን በደንብ ከያዘ ውኃው እዚህ ከፍታ ላይም ቢሆን 110 ዲግሪን አልፎ ነው የሚፈላው። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ሞተሩ ላይ ምንም ጥፋት ሳይኖር፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ውኃውን ይተፋል። ተሳፋሪው ይቸኩላል፣ መካኒኩም ይቸኩላል፣ ቴርሞስታቱ ይወልቃል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። የቀረው ሒሳብ ማደያ ላይ ይከፈላል።

ጥርጣሬውን ያለ ምንም መሣሪያ ማረጋገጥ ይችላሉ። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱና ነዳጅ ሳይረግጡ በሚኒሞ ይተዉት። ከራዲያተሩ ጋር የተያያዙትን ሁለት ወፍራም ቱቦዎች፣ የላይኛውንና የታችኛውን፣ በየሁለት ደቂቃው በእጅዎ ይንኩ። ቴርሞስታት ያላት መኪና ሞተሯ እየሞቀ ሳለ የታችኛው ቱቦና የራዲያተሩ ግርጌ ብዙ ደቂቃ ቀዝቅዘው ይቆያሉ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ነው ድንገት የሚሞቁት። ሁለቱም ቱቦዎች ከመጀመሪያው አንስቶ አብረው ቀስ በቀስ ለብ እያሉ ከሄዱ ቴርሞስታት የለም፣ ካለም ተከፍቶ ቀርቷል። እጅዎን ከፋኑ ያርቁ፤ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሳይታሰብ ይነሳል። ሌላም ምልክት አለ፦ ቀለበት መንገድ ላይ በሰዓት 70 ሲነዱ ጌጁ ወርዶ፣ መብራት ላይ ሲቆሙ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ሃያ ደቂቃ ነድተውም ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ መልሱ ያው ነው። የጤነኛ ኮሮላ ጌጅ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ እዚያው ተተክሎ ነው የሚውለው።

ቴርሞስታት ሲገዙ ዕቃው ላይ 82 የሚል ቁጥር መኖሩን ይዩ። ሶማሌ ተራ «ለሙቅ አገር ነው፣ ይሻላል» ተብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ሊሰጥዎት ይችላል፤ ለአዲስ አበባ አይሆንዎትም። ከማስገባትዎ በፊት ቤት ውስጥ ይሞክሩት፦ ድስት ውስጥ ውኃ ጥደው ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ይንከሩት። ውኃው ሊፈላ ሲቃረብ ቫልቩ መከፈት መጀመር አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፋብሪካው ልክ 8 ሚሊ ሜትር የሚከፍተው በ95 ዲግሪ ነው ይላል፤ የአዲስ አበባ ውኃ ደግሞ 95 ሳይደርስ ፈልቶ ያልቃል። ስለዚህ ድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፍት «ተበላሽቷል» ብለው አይመልሱት። ውኃው ሲቀዘቅዝ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱ ነው ዋናው። ሲገጠም የአየር ማሳለፊያ ቀዳዳዋ፣ ትንሿ የምትነቃነቅ ፒን ያለችበት ጎን፣ ወደ ላይ ትሁን፤ ዙሪያውን የሚይዘው ላስቲክም አዲስ ይሁን። ይህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ያለው በታችኛው ቱቦ በኩል ስለሆነ፣ መካኒኩ ከላይኛው ቱቦ ጋር ፈልጎ «ይህች መኪና ድሮም የላትም» ቢል አይቀበሉት።

አብሮ የራዲያተሩን ክዳን ይቀይሩ፣ 0.9 የሚለውን። ፋኑ ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ መነሳቱን ያረጋግጡ። የውኃውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቶ እንዳይሆን ይዩ። ባዶ ውኃ ከሆነ የሚጠቀሙት አሁን ይተዉት፤ ኩላንትና የተጣራ ውኃ ግማሽ በግማሽ ያስሞሉ። ራዲያተሩን ዝገት የሚሞላው ባዶ ውኃ ነው። እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው አሁንም ከፈላች ያኔ የራዲያተር መደፈንና የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይመረመራል።

የሞተሩን ዘይትም ይቀይሩ። ብዙ ወር በብርድ የሠራ ሞተር ትርፍ ቤንዚኑ በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ቀጥኗል ማለት ነው። የቀጠነ ዘይት ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። መካኒክዎ ዛሬ በስህተት ያሉት «ፋሻ ጨርሳለች» ቴርሞስታቱ ሳይገባ ሌላ ዓመት ከተነዳ እውነት ይሆናል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 7 ኪሎ ሜትር በሊትር የሚለውን እንዴት አገኙት? በብር ሞልተው የነዳጅ ጌጁን አይተው ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ልኩ እንዲህ ነው፦ ማደያ ላይ የመቅጃው አፍ መጀመሪያ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ያስሞሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠብታም አይጨመር። ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። ቢያንስ 250 ኪሎ ሜትር እንደተለመደው ይንዱ። ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ፣ መኪናዋም በዚያው አቅጣጫ ቆማ እንደገና መጀመሪያ ቀጭ እስኪል ያስሞሉ። የነዱትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍሉ፤ 312 ኪሎ ሜትር ነድተው 38.5 ሊትር ከገባ 8.1 ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ አይቻልም፤ ሦስት ጊዜ ይለኩና አማካዩን ይያዙ። አዳማ ደርሶ መልስ ለክተው ከሆነ ደግሞ መሄጃውን ብቻ አይቁጠሩ፤ አዳማ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለምትል መሄጃው ሁልጊዜ ያማልላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ሊዋሽ ይችላል። መኪናዋ የምትፈልገው 175/65 ባለ 14 ጎማ ሆኖ ሳለ ከመሬት ከፍ እንድትል ብለው 185/70 ባለ 14 አስገብተው ከሆነ፣ ጎማው ዙሪያው 5 በመቶ ያህል ይበልጣል። መኪናዋ 105 ኪሎ ሜትር ሄዳ ቆጣሪው 100 ብሎ ይጽፋል፤ እርስዎም ሳይበላ ተበላ ይላሉ። በስልክዎ ካርታ 20 ኪሎ ሜትር ለክተው ከቆጣሪው ጋር ያስተያዩት።

መንገዱም ድርሻ አለው። ባለ 1.6 ሞተር ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም በሰዓት ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይጠጣል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ ሳይቆም ቢነዳ 12 በሊትር የምትሄድለት መኪና፣ በቀን አንድ ሰዓት መብራትና መጨናነቅ ላይ ከቆመ ወደ 9 ይወርድበታል። ሰሞኑን የሚሄዱበት መንገድ ተቆፍሮ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄዱ ከሆነ ይህንም ከሒሳቡ ያስገቡ። ከ11 ወደ 7 መውረድን ግን መጨናነቅ ብቻውን አያመጣውም።

ቴርሞስታቱ ገብቶ ሦስት ጊዜ ለክተው ቁጥሩ ካልተመለሰ ቀጥሎ የሚታየው ሴንሰሩ ነው። ሞተሩ ላይ የውኃ ሙቀት የሚያነቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ባለ አንድ ገመዱ ለዳሽቦርዱ ጌጅ ነው፤ ባለ ሁለት ገመዱ ለኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ባለ አንዱ ይቀየርና ጌጁ ሲስተካከል «ተሠራ» ይባላል፤ ቤንዚን የሚያስበላው ግን ባለ ሁለት ገመዱ ነው። ሶኬቱን ነቅለው በቴስተር ኦም ላይ ይለኩት። በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። ሞተሩ እየጋለ 1,500 ኦም የሚያነብ ሴንሰር ለኮምፒውተሩ «ብርድ ነው» እያለ ይዋሻል። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለም ውጤቱ ያው ነው፤ ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ያጽዱት።

ይህች መኪና በአዲሱ የኮምፒውተር መመርመሪያ አትነበብም፤ ስለዚህ «ኮምፒውተር ላይ አይወጣም» ቢሉዎት አይገረሙ። የራሷ መንገድ አላት። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ክዳኑ ላይ ዲያግኖሲስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሳጥን አለ፤ የክዳኑ ውስጥ ገጽ የቀዳዳዎቹን ስም ይነግራል። ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለቱን በአጭር ሽቦ ያገናኙና፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያብሩ። ሌሎቹን ቀዳዳዎች አይንኩ፤ ባትሪ የሚመጣባቸው አሉ፣ ፊውዝ ያቃጥላሉ። የሞተሩ ምልክት መብራት ያለማቋረጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሁለት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ሁለት ጊዜ ካለ 22 ነው፣ የውኃ ሙቀት ሴንሰር። 21 ኦክስጅን ሴንሰር፣ 31 የቫኪዩም ሴንሰር፣ 41 የቤንዚን መስጫው ቢራቢሮ ላይ ያለው ሴንሰር ነው። ጥፋቱ ከተሠራ በኋላ የኢንጄክሽኑን 15 አምፔር ፊውዝ ለአሥር ሴኮንድ ያህል ነቅለው ሲመልሱት ይጠፋል። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው ገመድ ሲበጠስ ወይም ሲነካካ መሆኑን ልብ ይበሉ። በልክ ውስጥ ሆኖ የሚዋሽ ሴንሰር ምንም አያስመዘግብም፤ ለዚህ ነው ኦሙን ማንበብ ያስፈለገው።

የቫኪዩም ሴንሰሩ ይህች ሞተር ላይ ትልቅ ነገር ነው። አየሩን በቀጥታ አትለካም፤ የሚገባውን አየር የምትገምተው ከዚህ ሴንሰር ነው። ወደ እሱ የምትሄደው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከ30 ዓመት በኋላ ጫፏ ላይ ትሰነጠቃለች። አየር ስትስብ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ዳገት እየወጣ ይመስለውና ቤንዚን ይጨምራል። ጫፏን ቆርጦ መልሶ መሰካት ብቻ የሚፈታው ጊዜ አለ። እግረ መንገድዎን የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ የተሰካችውንም ቀጭን ቱቦ ነቅለው ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተች ወይም ከረጠበች የመቆጣጠሪያው ሽፋን ተቀዷል፤ ቤንዚን በዚያ በኩል ቀጥታ ወደ ሞተሩ እየተጠጣ ነው።

ፓምፑ ያለጥፋቱ ነው የተቀየረው። ፓምፕ ሲደክም መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ቤንዚን አያስበላም፣ ትርፉ በመመለሻው ወደ ታንክ ይመለሳልና። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮም እንደዚሁ በሰፊው ይታማል። ኢንጄክሽን መኪና ላይ ፊልትሮው ሲደፈን ጉልበት ነው የሚቀንሰው፤ ኮምፒውተሩ በሚገባው አየር ልክ ቤንዚኑንም ስለሚቀንስ ፍጆታው ብዙም አይለወጥም። ካርቡሬተር ላይ ግን እውነት ነው።

የካርቡሬተር ነገር ከተነሳ፣ ባለ ካርቡሬተሯን የድሮ ኮሮላ፣ ዲኤክስን፣ ለሚነዱ አንባቢዎች አንድ ነገር እንበል። ለባሕር ወለል የተመጠነ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ከሚገባው አሥር በመቶ እና ከዚያም በላይ የበለጠ ቤንዚን ይቀላቅላል። የዋናውን ጄት ቀዳዳ አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ፣ የተንሳፋፊውን ልክ ማስተካከል፣ ቾኩ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ማየት ብዙ ነዳጅ ይመልሳል። ጄቱን በመርፌ ወይም በሽቦ የሚያጸዳ ሰው ግን አያስነኩት፤ ቀዳዳው በፀጉር ልክ እንኳን ከሰፋ ነገሩ ይብሳል።

ኦክስጅን ሴንሰር ላላት ኮሮላ፣ ሴንሰሩ የጭስ ማውጫው ላይ እንደ ካንዴላ ተጠምዝዞ ገመድ ይወጣለታል። ለአንዳንድ አገሮች የተሠሩት ያለሱ ነው የመጡት፤ ከሌለ አይፈልጉት። ካለ ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ቮልቱ ከ0.1 እስከ 0.9 መሃል በአሥር ሴኮንድ ቢያንስ ስምንት ጊዜ መዋዠቅ አለበት። አንድ ቦታ ተተክሎ ከቀረ ሞቷል።

ቀጥሎ ከሞተሩ ውጭ ያለው። ጎማዎቹን ጠዋት ሳይነዱ ጎሚስታ ዘንድ 30 ወይም 32 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ያስሞሉ። ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ ሲቆሙ ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ፣ የአራቱን ቸርኬ መሃል በጥንቃቄ እጅዎን አስጠግተው ያወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ፊት ከሆነ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ደርቀዋል፤ ወልቀው ተጠርገው ሙቀት በሚችል ግሪስ ይቀቡ። ኋላ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ሸራው ከታምቡሩ አልለቅ ብሏል። በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት በቀላሉ ሁለት ሦስት ዙር ካልሄደ ማረጋገጫዎ ነው። ፍሪሲዮኑንም ይፈትሹ፦ በአራተኛ ማርሽ በ50 እየሄዱ ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡት። የሞተሩ ድምፅ ቀድሞ ከጮኸና ፍጥነቱ ከኋላ ከቀረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

አዲሶቹ ካንዴላዎች ክፍተታቸው 0.8 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያስለኩ፤ ከካርቶኑ የወጣ ሁሉ ልክ አይደለም። መካኒኩ ታይሚንግ (የካንዴላው ብልጭታ የሚነሳበትን ጊዜ) ነክቶ ከሆነ፣ ልኩ ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው በሚኒሞ 10 ዲግሪ ነው። ሳያገናኙ በመብራት የሚለካ ሰው የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ጨምሮ ስለሚያነብ አበላሽቶት ይሄዳል።

የፋሻው ጉዳይ የሚወሰነው በኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን አምቆ የሚይዘው ግፊት) ልኬት ነው። የደከመ ፋሻ ምልክቱ ዘይት መጨረስና ሰማያዊ ጭስ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ቢሆንም ልክ ይወጣ ከተባለ በትክክል ይሠራ፦ ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ ብልጭታና ቤንዚን እንዳይኖር የዲስትሪቢዩተሩ ሶኬት ይነቀል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የፋብሪካው ልክ 191 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው 142 ነው። ይህ ግን ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚገባው አየር አንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ ጤነኛ ሞተር 145 አካባቢ ያነባል፤ ዝቅተኛው ወርዶ 110 አካባቢ ይሆናል። መጽሐፉን ብቻ ይዞ 140 ያነበበ ሰው ደህናውን ሞተር ያወርዳል። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይዩ፤ በአራቱ መካከል ከ14 ፒኤስአይ በላይ መራራቅ የለበትም። አንዱ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ይህ ልኬት በወረቀት ተጽፎ ሳይሰጥዎ ማንም የዚህችን መኪና ሞተር እንዲያወርድ አይፍቀዱ።

የዲፎሌው ጥያቄ። ካርቡሬተር ላይ ትንሽ እውነት ነበረው። የእርስዎ መኪና ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ማርሽ ገብቶ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ፣ ሞተሩ የሞቀ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዲፎሌ ሲያደርጓት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ቤንዚን ይጠጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ሞተር ያልያዛት መኪና ሙሉ ክብደቷ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ሸራ አይይዝም፣ የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ፈልቶ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጅ አንስተው ይውረዱ። ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።